የአሮጌ ላንድክሩዘር የፊት አክስል እድሳት

የላንድክሩዘር 60፣ 70 እና 80 የፊት አክስል ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ የሚዘልቅ አንድ ወጥ የብረት ቱቦ ነው። 60 እ.ኤ.አ. በ1980፣ 70 በ1984 ወጡ፤ 80 በዋናነት የ1990ዎቹ መኪና ነው። ቱቦው በሁለቱም ጫፍ በተወለወለ ድቡልቡል ብረት ያልቃል። ድቡልቡሉን ከውጭ አቅፎ፣ መሪ ሲጠመዘዝ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞረው ቤት ናክል ይባላል። ከዲፈረንሻል የሚመጣው ሻፍት ጉልበቱን ለጎማው የሚያደርሰው በናክሉ ሆድ ውስጥ በተቀመጠው ቢርፊልድ በተባለ መጋጠሚያ ነው። በውስጡ ያሉት ስድስት የብረት ኳሶች ጎማው ታጥፎም ቢሆን ሻፍቱ ፍጥነቱ ሳይዋዥቅ እንዲዞር ያደርጋሉ።

እዚህ ቦታ ላይ ሁለት ቅባቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ዲፈረንሻሉ የሚሠራው በፈሳሽ የማርሽ ዘይት፣ ናክሉ ደግሞ ሞሊብዲነም ባለበት ወፍራም ግራሶ ነው። የሚለያቸው በቱቦው ጫፍ ሻፍቱን አጥብቆ የያዘ አንድ ርካሽ ኦይል ሲል ብቻ ነው። እሱ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ናክሉ ያልፍና ግራሶውን እንደ መረቅ ያቀጥነዋል፤ ጥቁሩ ቅልቅልም በድቡልቡሉ ጀርባ ሾልኮ የቸርኬውን ውስጥ ያለብሳል። ፍሬን ሸራ ላይ ከደረሰ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ብዙ ሰው ከውጭ የሚታየውን መጥረጊያ ሲል ብቻ ቀይሮ የተገላገለ ይመስለዋል። የውጩ ሲል ግን ግራሶ ለመያዝና አቧራ ለመጥረግ እንጂ ቀጭን ዘይት ለማገድ አልተሠራም።

ሁልጊዜ የሚረሳው የአክስሉ መተንፈሻ ነው። ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፤ መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። የጋለ አክስል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አየሩ ቀዝቅዞ ይኮማተርና ውሃ ወደ ውስጥ ይሳባል። በክረምት ወንዝ እየተሻገረ በገጠር የሚሠራ መኪና ዘይቱ ነጣ ብሎ ከተገኘ ምክንያቱ ይኸው ነው። መተንፈሻው ሳይጸዳ የተገጠመ አዲስ ሲል ብዙ አይቆይም።

ሥራው ጠንካራ ወለል ባለው ግቢ ውስጥ ይቻላል። ከተለመዱት ቁልፎች ሌላ የሚያስፈልገው የሞዞውን ዳዶ የሚፈታ የ54 ሚሊሜትር ቁልፍ፣ የነሐስ በትርና ባለ ሞላ ሚዛን ነው። የኋላ ጎማዎች ታኮ ይደረግላቸዋል፤ አክስሉ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ያርፋል፤ ክሪክን ብቻ አምኖ መሥራት አይታሰብም። ጎማው ከወጣ በኋላ የፍሬኑ ካሊፐር ተፈትቶ በሽቦ ይንጠለጠላል እንጂ ክብደቱ በፍሬን ጎማው ላይ አይጣልም።

ጀማሪን የሚያስመርረው ቀጥሎ ነው። የሞዞውን ክዳን የያዙት ዳዶዎች ተፈትተውም ክዳኑ ንቅንቅ አይልም፤ በየቡሎኑ ዙሪያ የተሰነጠቀ ሾጣጣ ሮንዴላ ተቀርቅሯል። በካቻቢቴ መፈልፈል ሮንዴላውን ከማበላሸት በቀር ምንም አይፈይድም። ክዳኑን ከቡሎኑ አጠገብ በነሐስ በትር ደጋግሞ ሲመቱት ሾጣጣው ራሱ ዘሎ ይወጣል። የሻፍቱን ጫፍ የያዘው ቀለበት፣ ሁለቱ የሞዞ ዳዶዎችና ሞዞው ከነዲስኩ ይከተላሉ፤ ከዚያ ሞዞው የሚዞርበት የስፒንድል ስምንት ቡሎኖች። ሻፍቱ ከመሳቡ በፊት የቢርፊልዱ ጠፍጣፋ ጎን ወደ ላይ መዞር አለበት፤ አለዚያ ከድቡልቡሉ አፍ አይወጣም። ቴስቲናው ከመሪው ክንድ ተላቅቆ የናክሉ የላይና የታች ክዳኖች ሲነሱ ከሥራቸው ቀጫጭን ሽሞች ይገኛሉ። የትኛው ከየት እንደወጣ ወዲያው ካልተጻፈ በኋላ ብዙ ጣጣ ያመጣል።

ሁሉም በናፍጣ ታጥቦ ሲደርቅ ጉዳቱ ይታያል። የናክሉ የታችኛው ኩሽኔታ የተቀመጠበት ቀለበት ብርሃን ላይ ሲያዝ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ስስ ሰርጓዶች ይታዩበታል። መኪና አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ሮለሮቹ አንድ ቦታ ላይ እየተመቱ የቆፈሩት ነው፤ መሪው መሃል ላይ ያዝ የሚያደርገው በዚህ ነው። ኩሽኔታውና ቀለበቱ አብረው ይቀየራሉ። መሪ እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ የፊት ጎማዎች ሲስቡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከነበረ ቢርፊልዱ ተበልቷል። መለስተኛ ከሆነ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ማዛወር ዕድሜ ይጨምርለታል፤ ወደፊት መንዳት የሚበላው የኳሶቹን መስመር አንዱን ግድግዳ ስለሆነ ሲዛወር ያልተበላው ይሠራል። ሻፍቱ ሲሉ በሚነካበት ቦታ ጥፍር የሚይዝ ጎድጎዳ ካለው ግን አዲስ ሲል ማባከን ነው።

ናክሉ ባዶውን ሲገጠም ሚዛኑ በቴስቲናው ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ ይሳባል፤ ናክሉ መዞር ሲጀምር የሚነበበው ቁጥር ከአምራቹ መጽሐፍ ጋር ይስተያያል። ከላላ ሽም ይቀነሳል፤ ከጠበቀ ይጨመራል። ቀጥሎ ያለው የእጅ ጥንቃቄ ነው፤ ሻፍቱ ሲገባ ጥርሶቹ የአዲሱን ሲል ከንፈር ከነኩ ይቆርጡታል፤ ስለዚህ በአንድ እጅ መሃሉ ላይ ተደግፎ ቀስ ተብሎ ይገፋል። ቢርፊልዱ ግራሶ በሌላው ወገን እስኪወጣ ይጠቀጠቃል፤ የናክሉ ሆድም ሦስት አራተኛ ያህል ይሞላል። የሞዞው ዳዶ መጀመሪያ ጠብቆ፣ ሞዞው ተሽከርክሮ ኩሽኔታው ከተደላደለ በኋላ ይላላና በመጽሐፉ ልክ ይጠብቃል።

መኪናው ከወረደ በኋላ የዲፈረንሻሉ ዘይት ተሞልቶ ለጥቂት መቶ ኪሎሜትሮች ይነዳል፤ ከዚያ የመሪው ክንድ ዳዶዎች በቶርክ ቁልፍ እንደገና ይፈተሻሉ። እነዚህ ላልተው ቡሎኖቹ ከተቆረጡ መሪ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከፍተሻው ሁሉ የማይታለፈው ይህ ነው። ድቡልቡሉ ላይ የሚታየው ስስ የግራሶ ሽፋን ግን ጉድለት አይደለም፤ ከዝገት ይጠብቀዋል።