«ሼኻችን፣ ቀብሩን ላልብሰው?»

ባለፈው ረመዷን ከተራዊሕ በኋላ አንዲት እናት በፌስታል የተጠቀለለ ጨርቅ ይዘው ወደ እኛ መጡ። ሲዘረጉት ጥቁር ከፋይ ነው፤ በላዩ አያተል ኩርሲ በቢጫ ክር ተጠልፎበታል። ልጃቸው ወደ አኼራ ከሄደ ወዲህ እንቅልፍ እንቢ ባላቸው ሌሊት ሁሉ መርፌ እያነሡ የሠሩት ነው። «ሼኻችን፣ ቀብሩን ላልብሰው?» አሉን።

ለመመለስ አልቸኮልንም። ሐዘን ወንጀል አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕፃን ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል፤ ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ተገርመው ቢጠይቋቸው እንባው እዝነት መሆኑን ነግረዋቸዋል። የተከለከለው ፊትን መምታትና ልብስን መቅደድ ነው። የጃሂሊያ ሐዘንተኛ ይቀድ ነበር፤ እኚህ እናት ሰፉ። ሴት ልጅ ለሟች ከጌጥ የምትታቀበው እስከ 3 ቀን ነው፤ ለባሏ ብቻ 4 ወር ከ10 ቀን። ይህ ለአለባበስ የተቆረጠ ቀን ነው፤ ልብ ቀጠሮ አያውቅም። እኛ ወንዶች ግን ድንኳን ስናፈርስ የእናቲቱም ሐዘን አብሮ የፈረሰ ይመስለናል።

ቀብሩን በተመለከተ እሺ ማለት አልቻልንም። «ካዕባስ በወርቅና በብር ክር የተጠለፈ ጥቁር ሐር ይለብስ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ያ የአላህ ቤት ነው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) መጋረጃ በሰቀሉ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድንጋይና ጭቃ እንድናለብስ አለመታዘዛችንን እንደነገሯቸው ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። ደግሞም ዝናብ አለ፣ ውሻ አለ፤ የአላህ ቃል ጭቃ ላይ ይወድቃል። መስገጃም አይሆንም፤ እግር ይረግጠዋል።

እናቲቱ ጨርቁን እንደያዙ ዝም አሉ። እኛም ከበደን። ቆይተው «ታዲያ ለልጄ ምን ይድረሰው?» አሉ።

ዱዓና ሶደቃ ይደርሰዋል አልናቸው። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) እናታቸው ሲሞቱ የአትክልት ቦታቸውን ስለ እርሳቸው ሶደቃ ማድረጋቸውን ነገርናቸው። አትክልት የሌለው በቴምርም ቢሆን ያስፈጥራል። ጨርቁን ቤትዎ ከፍ ያለ ቦታ ይስቀሉት፤ የልጅዎ ልጆች እያዩ ይቅሩበት አልን።

ከዚያ ወደ ፊደሉ ተመለስን። በሉሕ ላይ ያደገ ዓይን ዝም አይልም። «ነውም» በሚለው ቃል፣ እንቅልፍ ማለት ነው፣ የኑኗ ነጥብ ቀርታለች። ነገርናቸው። ከቦርሳቸው መርፌና ክር አወጡና እዚያው መስጂዱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጨመሯት።