አምፖሉን ማን ያያል፣ መሪውን ማን ይይዛል

የመንገደኛ አውሮፕላን ሰማይ ላይ ሲበላሽ አብዛኞቻችን የሚታየን ወከባ ነው። በፊልም የለመድነው እሱን ነዋ። እውነተኛው ሥራ ግን በአመዛኙ ንባብ ነው። አንዱ አብራሪ መሪውን ይይዛል፤ ሌላው ቼክሊስቱን ዘርግቶ ተራ በተራ ያነባል። ሞተር የሚዘጋውን ማብሪያ የያዘው «ቁጥር ሁለት» ይላል። ጓደኛው ወደ እጁ ተመልክቶ «ቁጥር ሁለት፣ ልክ ነው» እስኪለው ድረስ አያንቀሳቅሰውም። ይህ ለወግ ያህል የሚደረግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 እንግሊዝ ውስጥ ኬግዎርዝ አጠገብ ለወደቀውና 47 ሰዎች ላለቁበት ቦይንግ 737፣ አብራሪዎቹ ደህናውን ሞተር ዘግተው በተበላሸው መቅረታቸው አንዱ ምክንያት ነበር።

አብራሪዎች መካኒክ አይደሉም። የተሰበረውን አየር ላይ ሊጠግኑት አይችሉም፤ የሚችሉት ብልሽቱን ከቀረው አካል ለይተው መዝጋትና በተረፈው መብረር ነው። የበረራ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት ቅደም ተከተልም አጭር ነው፦ መጀመሪያ አብርር፣ ቀጥሎ ወዴት እንደምትሄድ እወቅ፣ ከዚያ በሬዲዮ ተናገር። ብልሽቱን መመርመር የሚመጣው አውሮፕላኑን የሚያበር ሰው መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ሲነገር ቀላል ነው። መቶ ማስጠንቀቂያ አንድ ላይ ሲጮህ ግን እንዲህ ቀላል አይሆንም።

ኖቬምበር 4 ቀን 2010 ከሲንጋፖር ወደ ሲድኒ የተነሳው የካንታስ በረራ 32 ላይ የሆነውን እንውሰድ። አውሮፕላኑ ባለ ሁለት ፎቁ ኤርባስ ኤ380 ነው፤ 469 ሰዎች አሳፍሯል። በኢንዶኔዥያዋ ባታም ደሴት ላይ 7,000 ጫማ ገደማ እንደደረሰ ሁለት ፍንዳታ ተሰማ። መነሻው በግራው ክንፍ ሥር ባለው ቁጥር 2 ሞተር ውስጥ ያለች አንዲት አጭር የዘይት ቱቦ ነበረች። ፋብሪካ ውስጥ ስትሠራ ግድግዳዋ በአንድ ወገን ከሚገባው በላይ ሳስቶ ነበር። ተሰነጠቀች፣ ዘይት አፈሰሰች፣ እሳት ተነሳ፤ በመጨረሻም የተርባይን ዲስክ ከቦታው ወጥቶ ስብርባሪው ክንፉንና በውስጡ የሚያልፉትን ሽቦዎች በጣጠሰ።

ካፒቴን ሪቻርድ ደ ክረስፒኒ መጀመሪያ ያደረጉት አንዲት ቁልፍ መጫን ነው፦ አውሮፕላኑ መውጣቱን አቁሞ በያዘው ከፍታ እንዲሄድ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ስክሪኑ የተዞረው። ኢካም የሚባለው የኤርባስ ሥርዓት ብልሽቱን በቅደም ተከተል ይዘረዝራል፣ ምን መደረግ እንዳለበትም ይነግራል። የዚያን ዕለት ግን አንዱን ሲጨርሱ ሌላው እየተከተለ፣ የነዳጁ፣ የሃይድሮሊኩ፣ የኤሌክትሪኩ፣ የፍሬኑ መልእክት በላይ በላዩ ተደራረበ። የመጀመሪያዎቹን መመሪያዎች አንብቦ ለመጨረስ ብቻ 50 ደቂቃ ያህል ፈጀ። ያን ሁሉ ጊዜ አውሮፕላኑ ከቻንጊ አየር ማረፊያ ብዙ ሳይርቅ ይዞር ነበር።

ኮክፒቱ ውስጥ አምስት አብራሪዎች ነበሩ። ካፒቴኑ ዓመታዊ ፈተናቸው ላይ ናቸው፤ ፈታኙ ደግሞ በሌላ ፈታኝ እየተገመገሙ ነበር። (ፈተናው ለሁሉም ከተዘጋጁበት በላይ ሳይከብድ አልቀረም።) አምስት ሰው ግን አምስት አስተያየት አለው፤ እንዲያው ቢተው ሁሉም አንድ ስክሪን ላይ ያፈጥ ነበር። እዚህ ሥራው ተከፋፈለ። ካፒቴኑ ያበራሉ፤ ረዳት አብራሪው ኢካሙን ያነባል፤ ሁለተኛው ረዳት ጉዳቱን በዓይኑ ሊያይ ወደ ተሳፋሪዎቹ ክፍል ሄደ። እዚያ እንደ መንገደኛ ተቀምጦ የነበረ የዚያው አየር መንገድ አብራሪ ከፊቱ ያለውን የመዝናኛ ስክሪን አሳየው። ጭራው ላይ የተተከለው ካሜራ የአውሮፕላኑን ምስል ያሳያል፤ ከክንፉ በኋላ የሚፈስ ነገር መስመር ሠርቶ ይታያል። በመዝናኛ ስክሪን የሚታይ ካሜራ ኢካም ሊያሳይ የማይችለውን አሳየ።

ካፒቴኑ በኋላ እንደተናገሩት፣ አንድ ደረጃ ላይ «ምን ተበላሸ?» የሚለውን ጥያቄ ትተው «ምን ቀረን?» ወደሚለው ዞሩ። ግዙፉን ኤ380 በሐሳባቸው አፍርሰው፣ ከቀረው ዕቃ አንዲት ትንሽ ሴስና ሠሩ፦ ለመብረርና ለማረፍ የግድ የሚያስፈልጋት ብቻ ያላት። እንደ እኔ የዚያን ቀን ትልቁ ነገር ይህ ነው። የጎደለውን ዝርዝር ብቻ የሚያነብ ሰው መጨረሻውን አያገኘውም።

የማረፊያውን ርቀት ሲያሰሉም ኮምፒውተሩ መጀመሪያ መልስ አልሰጣቸውም። ያስገቡትን መልሰው ሲያዩ መንደርደሪያው እርጥብ እንደሆነ ተደርጎ የተያዘ ነገር አገኙ። መንደርደሪያው ደረቅ ነው። ያንን አውጥተው ሲያሰሉ ከ4,000 ሜትሩ 100 ሜትር እንደሚተርፍ ተነገራቸው። ከማረፋቸው በፊት ግን አውሮፕላኑ በዝግታ ሲበር ይታዘዝ እንደሆነ አየር ላይ ቀስ ብለው ሞከሩት። ጎማዎቹንም በሃይድሮሊክ ሳይሆን በራሳቸው ክብደት ወርደው እንዲቆለፉ አደረጉ። ካረፉ በኋላ ፍሬኑ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግሎ ነበር፣ ነዳጅ ይፈስ ነበር፣ ቁጥር 1 ሞተርም አልጠፋ ብሎ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲያጓራ ቆየ። በአስቸኳይ መንሸራተቻ መውረድ ይሻላል ወይስ መጠበቅ? መከሩና ተሳፋሪዎቹ ከማይፈሰው ወገን በአንድ በር፣ በደረጃ እንዲወርዱ ወሰኑ። አንድም ተሳፋሪ አልተጎዳም።

እንግዲህ ሰው ስለበዛ ነው እንዳይባል፣ ሰው በዝቶም ያልሆነበት አለ። በዲሴምበር 1972 መገባደጃ የኢስተርን በረራ 401 ሌሊት ማያሚ ሊያርፍ ሲል የፊት ጎማው መቆለፉን የምታሳየው አረንጓዴ መብራት አልበራችም። ሎክሂድ ትራይስታሩን ወደ 2,000 ጫማ አውጥተው አውቶፓይለት ላይ አደረጉትና መብራቷን ይነቅሉ ጀመር። ሽፋኗ ጠምሞ አልወጣ፣ አልገባ አለ። የበረራ መሐንዲሱ ጎማውን በዓይኑ ሊያይ ከወለሉ በታች ወዳለው ክፍል ወረደ፤ አብሯቸው ይጓዝ የነበረ የጥገና ባለሙያም ተከተለው። በዚህ መሐል አውቶፓይለቱ ከፍታ መጠበቁን አቆመ፤ መርማሪዎቹ አንዱ መሪውን ሳያውቅ ገፋ አድርጎት ሊሆን ይችላል ብለዋል። ከፍታ መቀነሱን የሚያመለክተው ደወል በመሐንዲሱ ባዶ ወንበር በኩል ጮኸ። ምላሽ የሰጠው አልነበረም። አውሮፕላኑ ኤቨርግሌድስ ረግረግ ውስጥ ገባ፤ ከ176ቱ 101 ሰዎች ሞቱ። ጎማው በትክክል ተቆልፎ ነበር፤ የተቃጠሉት አምፖሎች ናቸው።

ከስድስት ዓመት በኋላ ፖርትላንድ ላይም ተመሳሳይ ሆነ። የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 173 ካፒቴን የጎማ ችግር እያጣሩ አንድ ሰዓት ያህል ሲዞሩ ነዳጅ አለቀ፤ አሥር ሰዎች ሞቱ። ረዳቶቹ ነዳጁ እየቀነሰ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ግን በለሆሳስ ነበር የተናገሩት። ትልቅ ሰው ሲሳሳት ፊት ለፊት መናገር ነውር በሆነበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከዚያ ወዲህ አየር መንገዶች ረዳቱ ካፒቴኑን በግልጽ እንዲናገር፣ ካፒቴኑም እንዲሰማ ማሠልጠን ጀመሩ። ዩናይትድ በዚህ ቀዳሚ ነበር፤ በ1989 የበረራ 232 ሦስቱም የሃይድሮሊክ ሥርዓቶች ሲሞቱ ካፒቴን አል ሄይንስ ከተሳፋሪዎች መካከል የነበረውን የዲሲ-10 አሠልጣኝ ዴኒስ ፊችን አስገብተው የሞተሩን ጉልበት መቆጣጠሪያ አስያዙት። ለእንዲህ ያለ ብልሽት የተዘጋጀ ቼክሊስት አልነበረም። ሱ ሲቲ ላይ ተከስክሶ ከ296ቱ 184 ሰዎች ተረፉ።

ይህ ሁሉ ግን አንድ ነገርን እንደ ተሟላ ይቆጥራል፦ አብራሪዎቹ ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ የሚለውን። ኦክቶበር 28 ቀን 2018 ከባሊ ወደ ጃካርታ በሚበር የላየን ኤር 737 ማክስ ላይ አፍንጫው በራሱ ወደታች መገፋት ጀመረ። እንደ መንገደኛ ኮክፒት ውስጥ የተቀመጠ ሦስተኛ አብራሪ ነበር፤ በመጨረሻ የጭራውን አግዳሚ ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር በማብሪያ ቆርጠው ጃካርታ ደረሱ። ያንን እርምጃ ግን በጥገና መዝገቡ ላይ በሚገባ አልጻፉትም። በማግስቱ ያው አውሮፕላን በሁለት አብራሪ ተነስቶ 189 ሰዎችን ይዞ ባሕር ገባ። አፍንጫውን የሚገፋው ኤምካስ የሚባል ፕሮግራም መኖሩ ለአብራሪዎች የተነገረው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው።

ማርች 10 ቀን 2019 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ በያው ዓይነት አውሮፕላን የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 አብራሪዎች ስለ ኤምካስ ሰምተዋል። ክንፉ ከአየሩ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለካው የግራው ጠቋሚ ከተበላሸ በኋላ ያንኑ የጭራ ሞተር በማብሪያዎቹ ቆረጡ፤ በቼክሊስቱ ላይ ያለው እሱ ነው። የቀረው የጭራውን ክንፍ ለማንቀሳቀስ በመካከላቸው ያለውን መዘውር በእጅ ማዞር ነበር። ፍጥነቱ ከፍተኛ ስለነበር ጭራው ላይ ያረፈው የአየር ጫና በረታ፤ ረዳት አብራሪው ሞክሮ እንደማይሠራ ተናገረ። በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች አለቁ። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ፍጥነቱን ጨምሮ የአብራሪዎቹ ድርሻ በመጨረሻው ሪፖርት በቂ ቦታ አላገኘም ብለው ተከራክረዋል። ይህን የሚል ሰው ግን፣ መሪው እየተንቀጠቀጠ ማስጠንቀቂያው አንድ ላይ በሚጮህበት ወንበር ለተቀመጡት ምን ያህል ጊዜ እንደተረፈም አብሮ መቁጠር ይኖርበታል።

ታግዶ የቆየው 737 ማክስ እንደገና እንዲበር በ2020 ሲፈቀድ ኤምካስ ከአንድ ጠቋሚ ይልቅ ሁለቱን እንዲያነጻጽር፣ ከተሳሳተም ደጋግሞ እንዳይገፋ ተደረገ። ቼክሊስቱ ታረመ፤ አብራሪዎችም መዘውሩን በእጅ ማዞርን ጨምሮ በሲሙሌተር እንዲሠለጥኑ ግዴታ ሆነ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን መልሶ ያበረረው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2022 ነው።