ሃንክ ዊሊስ ቶማስ

ሃንክ ዊሊስ ቶማስ (የተወለደው በ1976) አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺና ቀራፂ ነው። ሥራዎቹ በአብዛኛው በማንነት ላይ ያተኩራሉ፤ በተለይም የጥቁር ሰው ምስል በማስታወቂያና በታሪካዊ ፎቶግራፎች ውስጥ እንዴት እንደሚቀርብ ይጠይቃሉ። በሰፊው የታወቀው ከድሮ ፎቶግራፎች አንዱን ክፍል ብቻ መርጦ በነሐስ በመሥራቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕይወትና ትምህርት

ቶማስ የተወለደው በኒው ጀርሲ ግዛት በፕሌይንፊልድ ከተማ ነው። እናቱ ዴቦራ ዊሊስ የጥቁር አሜሪካውያንን የፎቶግራፍ ታሪክ የምታጠና ምሁርና ፎቶግራፍ አንሺ ናት። በ1998 ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ2004 ደግሞ ከካሊፎርኒያ ኮሌጅ ኦፍ ዘ አርትስ የሁለተኛ ዲግሪውን አግኝቷል። በ2000 የቅርብ ዘመዱ በፊላዴልፊያ በዝርፊያ ወቅት በጥይት ተገደለ። ይህ ሐዘን በሥራዎቹ ላይ ትልቅ ተጽዕኖ አሳድሯል።

የፎቶግራፍ ሥራዎች

በ2003 የሠራው «ብራንድድ ሄድ» የተላጨ የጥቁር ሰው ራስ ያሳያል፤ በራሱ ላይ የናይኪ ኩባንያ ምልክት እንደ ጠባሳ ይታያል። «ብራንድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የንግድ ምልክትንም፣ በጋለ ብረት የሚተኮስ ምልክትንም ይገልጻል። ስለዚህ ምስሉ የባሪያ ንግድን ዘመን ከዛሬው የስፖርት ዕቃ ገበያ ጋር ያገናኛል። «አንብራንድድ» በተባለው ተከታታይ ሥራው ደግሞ ከ1968 እስከ 2008 ከታተሙ ማስታወቂያዎች ላይ ጽሑፉንና የኩባንያውን ምልክት አጥፍቶ ምስሉን ብቻ አስቀርቷል። ተመልካቹ የሚሸጠው ዕቃ ሲጠፋበት ማስታወቂያው ስለ ጥቁር ሰዎች ምን ይል እንደነበር በግልጽ ያያል።

ከፎቶግራፍ ወደ ነሐስ

የፊልም ፎቶግራፍና የብረት ቀረጻ በአሠራር ይመሳሰላሉ። በፊልም ላይ ብርሃንና ጥላ ተገልብጠው ይቀረጹና ከዚያ ፎቶው ይታተማል። በቀረጻም ጊዜ የቅርጹ ግልባጭ የሆነ ባዶ ቦታ ይዘጋጅና የቀለጠ ብረት ይፈስበታል። በኢትዮጵያ «ሰምና ወርቅ» የሚለው የቅኔ ስም የመጣው ከዚህ ሙያ ነው፤ አንጥረኛው የሰሙን ቅርጽ በጭቃ ሸፍኖ ሰሙን ካቀለጠ በኋላ በቦታው ወርቅ ያፈስሳል።

የቶማስ «ሬይዝ አፕ» (2014) መነሻው ደቡብ አፍሪካዊው ኧርነስት ኮል ያነሳው ፎቶግራፍ ነው። በፎቶው ላይ የማዕድን ሠራተኞች ለሕክምና ምርመራ ራቁታቸውን፣ እጃቸውን አንሥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆመዋል። ቶማስ የአሥር ሰዎችን ራስ፣ ትከሻና የተነሡ እጆች ብቻ አሳየ። ዕርቃናቸው ከተመልካች ዓይን ተሰወረ። ሥራው ከ2018 ጀምሮ በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ፣ ያለ ፍርድ ለተገደሉ ጥቁሮች በተሠራው መታሰቢያ ይገኛል። በዚያ የሚያዩት ብዙዎች የተነሡትን እጆች በፖሊስ ፊት ከመቆም ጋር ያያይዟቸዋል።

«ዘ ኢምብሬስ» እና ክርክሩ

በቦስተን ኮመን መናፈሻ የቆመው «ዘ ኢምብሬስ» (እቅፍ) ጥር 13 ቀን 2023 ተመረቀ። መነሻው ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1964 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲያገኙ ከባለቤታቸው ከኮሬታ ስኮት ኪንግ ጋር ሲተቃቀፉ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነው። ባልና ሚስቱ የተዋወቁት በተማሪነታቸው ጊዜ በቦስተን ነበር። ቅርጹ ከ600 በላይ የነሐስ ክፍሎች ተበይደው የተሠራ ሲሆን ቁመቱ 6 ሜትር፣ ክብደቱ 17 ቶን ያህል ነው። የሚታዩት አራቱ እጆችና ትከሻዎች ብቻ ናቸው፤ ጎብኚዎች በእጆቹ መካከል ገብተው መቆም ይችላሉ።

ፊታቸው መተዉ ብርቱ ክርክር አስነሣ። አንድ የኮሬታ ዘመድን ጨምሮ ተቺዎች ቅርጹ ከአንዳንድ አቅጣጫ ሲታይ ትርጉሙ እንደሚጠፋና ክብራቸውን እንደማይመጥን ተናገሩ። የኪንግ ልጅ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሣልሳዊ ግን ሥራውን ደግፏል። ደጋፊዎቹ የአንድ ሰው ሐውልት ከማቆም ይልቅ የሁለቱን ፍቅር ማሳየቱን ይመርጣሉ፤ ኮሬታም ከባለቤታቸው እኩል ቦታ አግኝተዋል።

ሌሎች እንቅስቃሴዎች

ቶማስ በ2016 ከኤሪክ ጎትስማንና ከሌሎች ጋር «ፎር ፍሪደምስ» የተባለውን የአርቲስቶች ድርጅት መሠረተ። ጎትስማን በአዲስ አበባ ከሕፃናት ጋር ለዓመታት በሠራው የፎቶግራፍ ሥራም ይታወቃል። ቶማስ በ2018 የጉገንሃይም የገንዘብ ድጋፍ ተሸላሚ ሆኗል።