ደብዳቤ ጽፋ ሴቶችን ያደራጀች ሚስዮናዊት

እ.ኤ.አ. በ1887 ሰሜን ቻይና ውስጥ የምትሠራ አንዲት አሜሪካዊት ወደ አገሯ ደብዳቤ ላከች። የደቡብ ባፕቲስት ቤተ እምነት ሴቶች እንዲደራጁ፣ በገና ሰሞን ገንዘብ እንዲያዋጡና ተጨማሪ ሴቶች ወደ ቻይና እንዲላኩ የሚለምን ደብዳቤ ነበር። በማግስቱ ዓመት ሴቶቹ ማኅበር መሠረቱ። 2,000 ዶላር ለመሰብሰብ አስበው ከ3,300 ዶላር በላይ አገኙ። በገንዘቡም ሦስት ሴቶች ለአገልግሎት ተላኩ።

ጸሐፊዋ ሻርሎት ሙን ናት፤ ብዙዎች የሚያውቋት ሎቲ በሚለው የቤት ስሟ ነው። በ1840 በቨርጂኒያ የተወለደችው ሎቲ ያደገችው ባሪያዎችን በሚያሠራ ባለ ሰፊ እርሻ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ታሪኳን የሚያወሳ ሁሉ ይህን ሊያልፈው አይገባም። በ1861 የማስተርስ ዲግሪ ስትቀበል፣ በአሜሪካ ደቡብ እዚያ ደረጃ የደረሱ ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ32 ዓመቷ፣ በ1873፣ ቀድማት የሄደችውን ታናሽ እህቷን ተከትላ ሻንዶንግ የተባለው የቻይና ክፍለ ሀገር ገባች።

እዚያ የጠበቃት ሥራ ልጃገረዶችን ማስተማር ነበር። እሷ ደግሞ ልቧ የሚሻው በየመንደሩ እየዞሩ ወንጌል መስበክን ነው። ሴት ሚስዮናውያን በሥራቸው ጉዳይ እኩል ድምፅ ሊኖራቸው ይገባል ብላ በጽሑፍ ተከራከረች። በ1885 ወደ መሀል አገር ዘልቃ ፒንግቱ በምትባል ከተማ ተቀመጠች። ልጆች «ሰይጣን» እያሉ ይሸሿት ነበር። ብስኩት መጋገር ስትጀምር ግን ሽታው ሳባቸው። መጀመሪያ እናቶች መርዝ ይሆናል ብለው ይከለክሉ እንደነበር ይነገራል፤ ውሎ አድሮ ልጆቹም እናቶቹም ደጇን ለመዱ። ልብሷም እንደ አገሬው ሆነ፤ በክረምቱ ብርድ ጥጥ የተጠቀጠቀበትን ወፍራም የቻይና ልብስ ትለብስ ነበር።

በመጨረሻ ዘመኗ ቻይናን ረኃብ መታት። ምግቧን ለተራቡት እየሰጠች ራሷን አስርባ እንደሞተች ለብዙ ዓመታት ሲተረክ ቆይቷል፤ አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ይህን አይቀበሉትም። እርግጡ ነገር ታማና ተዳክማ ወደ አገሯ በመርከብ ስትጓዝ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1912 እ.ኤ.አ. ጃፓን ኮቤ ወደብ ላይ ማረፏ ነው። የፈረንጆች ገና ዋዜማ ነበር።

የገናው መዋጮ ከ1918 ጀምሮ በስሟ ይጠራል። ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የተሰበሰበው ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። የደቡብ ባፕቲስት ሚስዮናውያን ከጎጃም በዓባይ ማዶ ወዳለው ወደ መንዝ ገብተው በሕክምናና በእንስሳት ጤና መሥራት ሲጀምሩም፣ ከወጪያቸው ምንጮች አንዱ ይኸው ገንዘብ ነበር።

የጎጃሟ ደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ሰው አብዛኛው ኦርቶዶክሳዊ እንደመሆኑ የሎቲን ትምህርተ ሃይማኖት አይቀበል ይሆናል። የሴቶቹ አደረጃጀት ግን እንግዳ አይሆንበትም። ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ጋግራ ተራዋን የምታወጣ የሰንበቴ እናት፣ ትንሽ ትንሹ ሲጠራቀም ምን እንደሚሠራ ከማንም በላይ ታውቃለች። ሎቲ ደግሞ ሴቶች ከመስጠት አልፈው እንዲደራጁና በሥራው እኩል ድምፅ እንዲኖራቸው ተከራክራለች። ትልቁ ውርሷም ይህ ይመስላል። ሥራው ሙሉ በሙሉ ዳር አልደረሰም፤ የደቡብ ባፕቲስት ቤተ እምነት በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእምነት መግለጫ መጋቢነትን ለወንዶች ብቻ ወስኗል።

ጎጃምም በአብዛኛው ወንዶች ይቀመጡበት በነበረ የመምህርነት ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት አላት። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ። ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ ራሳቸውም መምህር ሆነው ቅኔ ዘርፈዋል፣ ከሩቅ የመጡ ተማሪዎችንም አስተምረዋል። ሎቲ እስከ ዛሬ የምትታወስበት አንዱ ምክንያት ደብዳቤዎቿ ተጠብቀው መታተማቸው ነው። የቅኔ ሀብት ግን በአብዛኛው የሚኖረው በሰው ቃል ነው፤ ሰው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ስለዚህ በየጉባኤ ቤቱ ያላችሁ መምህራን፣ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ያላችሁ ተመራማሪዎች፣ ከእማሆይ የተማሩትንና የእነሱን ደቀ መዛሙርት እየፈለጋችሁ፣ ቅኔያቸውንና የአስተማሪነት ታሪካቸውን አሁኑኑ መዝግቡ።