የ«ኤ» ቁጥር ጉዞ፦ አሜሪካ የኢሚግሬሽን ማመልከቻዎችን እንዴት ታያለች?

ወደ አሜሪካ በቋሚነት ለመግባት፣ እዚያ ጥገኝነት ለማግኘት ወይም የአገሪቱ ዜጋ ለመሆን የሚያመለክት ሰው ጉዳዩ የሚታየው በአንድ መሥሪያ ቤት አይደለም። በልማድ ሁሉም «ኢሚግሬሽን» ይባላል። በዚህ ስም ይታወቅ የነበረው መሥሪያ ቤት ግን ከፈረሰ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2003 ለሦስት ተከፍሎ አዲስ በተቋቋመው የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ሥር ገብቷል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ማመልከቻ ተቀብሎ የሚወስነው ዩኤስሲአይኤስ በሚል ምህጻረ ቃል የሚጠራው የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት ነው። ሰው ይዞ የሚያስረውና ከአገር የሚያስወጣው አይስ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያና በድንበር ላይ ፓስፖርት የሚያየው ደግሞ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃው ነው። ከእነዚህ ውጭ ቪዛ የሚሰጡት ኤምባሲዎች የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ሲሆኑ፣ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች የሚተዳደሩት በፍትሕ ሚኒስቴሩ ነው። ዩኤስሲአይኤስ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፦ በጀቱ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሚሸፈነው አመልካቾች በሚከፍሉት የአገልግሎት ክፍያ ነው።

መሥሪያ ቤቶቹ ብዙ ቢሆኑም ፋይሉ አንድ ነው። ግሪን ካርድ ያመለከተ፣ ጥገኝነት የጠየቀ ወይም ከአገር እንዲወጣ ክስ የተመሠረተበት ሰው በ«ኤ» ፊደል የሚጀምር ቁጥር ይሰጠዋል። የሞላቸው ቅጾች፣ አሻራው፣ ፎቶግራፎቹ፣ ኦፊሰሮች በቃለ መጠይቅ ወቅት የጻፉት ማስታወሻ ሁሉ በዚሁ ቁጥር ሥር ይከማቻል። አሠራሩ ከ1944 ጀምሮ ያለ ነው። ከወረቀት ፋይሎቹ ብዙዎቹ የሚቀመጡት ሚዙሪ ውስጥ ሊስ ሰሚት በምትባል ከተማ፣ ከመሬት በታች፣ በኖራ ድንጋይ ዋሻ ውስጥ በተሠራ መዝገብ ቤት ነው። ዛሬ ብዙው ሥራ በኮምፒውተር ቢሆንም የፋይሉ ጠባይ አልተለወጠም። አንድ ሰው በ25 ዓመቱ አዲስ አበባ ላይ የፈረመው ቅጽ፣ በ40 ዓመቱ ለዜግነት ሲቀርብ ኦፊሰሩ ፊት ይገኛል።

የኦፊሰሩ ሥራም በአብዛኛው ማመሳከር ነው። አመልካቹን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ወረቀቱን ነው። ይህ ለኢትዮጵያውያን የራሱ ጣጣ አለው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለ የአባት ስም አንድ ቅጽ ላይ «መካከለኛ ስም»፣ ሌላው ላይ «የመጨረሻ ስም» ሆኖ ይገባል። ጸጋዬ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በበርካታ መንገድ ይጻፋል። ከሁሉ የባሰው ግን ዘመን አቆጣጠሩ ነው። በጥር 1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ የ1988 ልጅ ነው። «ሰባት ደምር» የሚለውን ብቻ ይዞ 1987 ብሎ የሞላ ግን ሁለት የልደት ቀን ይዞ መዞር ይጀምራል፤ ሰባት የሚደመረው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ብቻ ነውና። እንዲህ ያለው ስሕተት ብቻውን ማመልከቻ አያስጥልም። ሳይታረምና ሳይብራራ ከቆየ ግን ሌላ ጥያቄ ሲነሳ አብሮ ይነሳል።

በቤተሰብ በኩል የሚመጣ ሰው ጉዳዩ የሚጀምረው አሜሪካ ካለው ዘመዱ ነው። የዜጋ ባል ወይም ሚስት፣ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ እንዲሁም 21 ዓመት የሞላው ዜጋ እናትና አባት በቁጥር አይገደቡም፤ የሚጠብቁት የወረቀቱን ሂደት ብቻ ነው። ሌሎቹ ወረፋ ውስጥ ይገባሉ፤ ለእነርሱ በዓመት የሚሰጠው ቪዛ የተወሰነ ነውና። ማመልከቻው የገባበት ቀን የወረፋ ቀን ይሆንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ በየወሩ በሚያወጣው ሰሌዳ ላይ ይጠበቃል። የወንድምና የእኅት ወረፋ ከሁሉም ረጅሙ ነው፤ በ2025 ተራ የደረሳቸው ማመልከቻቸው ከ2008 በፊት የገባላቸው ነበሩ። ወንድሙ ሲያመለክትለት ልጆቹ ገና ተማሪዎች የነበሩ ሰው፣ ተራው ሲደርስ እነዚያ ልጆች 21 ዓመት አልፏቸው ከማመልከቻው ሊወጡ ይችላሉ። በ2002 የወጣ ሕግ ማመልከቻው መልስ እስኪያገኝ የወሰደውን ጊዜ ከልጁ ዕድሜ ላይ በመቀነስ ጥቂቶቹን ያድናል፤ በወረፋ ያለፈውን ዓመት ግን አይቀንስም።

ስፖንሰር መሆንም ፊርማ ብቻ አይደለም። ፈራሚው ገቢው ከድህነት መለኪያው ቢያንስ 125 በመቶ መድረሱን ማሳየት አለበት፤ የገባው ግዴታም የመጣው ሰው ዜጋ እስኪሆን ወይም ወደ አሥር ዓመት ገደማ የሥራ ዘመን እስኪቆጠርለት ይዘልቃል። ፍቺ አያፈርሰውም። ለባለቤታቸው የሚፈርሙ ብዙ ሰዎች ይህን የሚያውቁት ዘግይተው ነው።

በኢትዮጵያ በሰፊው የሚታወቀው መንገድ ዲቪ ነው። በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የተቋቋመ ሲሆን ዓላማው ወደ አሜሪካ ብዙ ሰው ካልላኩ አገሮች ሰው ማስገባት ነበር። ሕጉ በዓመት 55,000 ቪዛ ይመድባል፤ ከዚህ ውስጥ ለአንድ አገር ከ7 በመቶ በላይ አይሰጥም። አመልካቹ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ፣ ካልሆነም ሥልጠና የሚጠይቅ ሥራ ላይ ሁለት ዓመት የሠራ መሆን አለበት። ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው ግን «ደርሶኛል» ማለት ቪዛ አገኘሁ ማለት እንዳልሆነ ነው። የሚመረጠው ሰው ቁጥር ከቪዛው ይበልጣል፤ የበጀት ዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ሲዘጋ ቪዛ ያልያዘ ሰው ዕድሉ ያከትማል። ሌላው ወጥመድ የመጀመሪያው ቅጽ ነው። ሲያመለክት ያገባ ሰው ሚስቱን ወይም ልጁን ሳይጠቅስ ቢቀር ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ይከለከላል። በሌላ በኩል ከተመረጡ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ የተፈቀደ ቢሆንም ቆንስሉ ጠበቅ አድርጎ ይመረምረዋል። ቅጹን ኢንተርኔት ቤት ያስሞላ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩንም እዚያው የተወ ሰው ዕጣው መውጣቱን የሚሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው፤ በገንዘብ ተደራድሮ ቁጥሩን የሚቀበልም አይጠፋም።

ቆንስሉ ቪዛ ሲከለክል ፍርድ ቤት እምብዛም ጣልቃ አይገባም። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ባሏ ቪዛ የተከለከለባት አሜሪካዊት ዜጋ ውሳኔውን ለማስመርመር የሚያስችላት ሕገ መንግሥታዊ መብት የላትም ሲል ይህንኑ አጽንቷል። በመስኮት በኩል ለደቂቃዎች የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ይህን ያህል ሥልጣን ያለው መሆኑ ከሥርዓቱ እንግዳ ገጽታዎች አንዱ ነው።

ጥገኝነት ሌላ መንገድ ነው፤ እዚህ የሚመዘነው ዝምድና ወይም ዕድል ሳይሆን ፍርሃት ነው። በ1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት የስደተኞች ሕግ ሁለት በር ከፈተ። ከአሜሪካ ውጭ ያለው ስደተኛ ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ በሚወስኑት ጣሪያ ውስጥ ተመርጦ ይገባል፤ በ1980ዎቹ ከሱዳን ካምፖች የሄዱት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በዚህ በር ነው የገቡት። ጣሪያው የፖለቲካ ንፋስ የሚያወጣውና የሚያወርደው ነው፦ ለ2024 የበጀት ዓመት 125,000 የነበረው ለ2026 ወደ 7,500 ወርዷል። አሜሪካ ገብቶ የሚጠይቀው ደግሞ ጥገኝነት ጠያቂ ነው፤ ለእርሱ የቁጥር ጣሪያ የለም። ሁለቱም ማሳየት ያለባቸው በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም የአንድ የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆን ስደትና በደል የሚደርስባቸው መሆኑን ነው። ድህነት፣ የአጠቃላይ ጦርነት አደጋና ወንጀል ብቻቸውን አይበቁም። «የተለየ ማኅበራዊ ቡድን» የሚለው ምክንያት ትርጉሙ ላላ ያለ በመሆኑ ብዙ ክርክር ያለበት ነው፤ በ1996 የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ ከግርዛት ሸሽታ ለመጣች የቶጎ ወጣት ጥገኝነት የሰጠው በዚሁ ነው። የሚጠየቀው የፍርሃት መጠን ከሚታሰበው ዝቅ ይላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 እንዳስቀመጠው አደጋው የመድረስ ዕድሉ ከአሥር አንድ ቢሆን እንኳ ፍርሃቱ መሠረት ያለው ሊባል ይችላል።

ማመልከቻው አሜሪካ በተገባ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ይህ ገደብ በ1996 የተጨመረ ነው። የአገር ቤት ሁኔታ ከተለወጠ ወይም ከባድ እክል ካጋጠመ ሊታለፍ ቢችልም ማስረጃ ይጠይቃል። «ዘመድ ይመከር፣ ነገሩ ይረጋጋ» እያለ ዓመቱን ያሳለፈ ሰው ሌሎች ጥበቃዎች ቢኖሩትም ቤተሰቡን የሚያስመጣባቸውና ወደ ግሪን ካርድ የሚያደርሱት አይደሉም። ለአሥርት ዓመታት ያለ ክፍያ ይገባ የነበረው ማመልከቻ በ2025 በወጣ ሕግ 100 ዶላር ተተምኖበታል፤ ውሳኔ ሳያገኝ ለሚቆይበት ለያንዳንዱ ዓመትም ሌላ 100 ዶላር ይጠየቃል።

ቃለ መጠይቁ የሚደረገው በጥገኝነት ቢሮ፣ በዝግ ክፍል ውስጥ ነው። ከጠረጴዛው ወዲያ አንድ ኦፊሰር፣ ወዲህ አመልካቹ፣ ካለውም ጠበቃው ይቀመጣሉ። እንግሊዝኛ የማይበቃው ሰው አስተርጓሚውን ራሱ ይዞ ይመጣል፤ መንግሥት ያዘጋጀው ሌላ ተቆጣጣሪ አስተርጓሚ በስልክ ያዳምጣል። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ብዙ ይወስናል። አስተርጓሚው «ያዙኝ» የሚለውን «አሰሩኝ» ብሎ ካሻገረው፣ በጽሑፍ የገባው ቃል «ጣቢያ ወስደው ለቀቁኝ» የሚል ከሆነ፣ ልዩነቱ ማስታወሻ ላይ ይሰፍራል። በ2005 የወጣው ሕግ ደግሞ ማንኛውም አለመጣጣም፣ ከጉዳዩ እምብርት የራቀም ቢሆን፣ የሰውየውን ተአማኒነት ለመንፈግ ሊያገለግል እንደሚችል ደንግጓል። የተገረፈ ሰው ቀንና ሰዓት አስተካክሎ አለማስታወሱ ለሐኪም የሚገባ ነገር ነው፤ ለፋይሉ ግን ጥርጣሬ ነው።

ኦፊሰሩ ካልተቀበለውና አመልካቹ ሌላ ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ከሌለው ጉዳዩ ወደ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ይመራል። እዚያ ዳኛው የፍትሕ ሚኒስቴሩ ሠራተኛ ነው፤ መንግሥትን ወክሎ የሚከራከረው የአይስ ጠበቃ ነው። አመልካቹ ጠበቃ ማቆም ይችላል፤ መንግሥት ግን አያቆምለትም። ከዚያ ይግባኝ ቨርጂኒያ ወዳለው ቦርድ፣ ቀጥሎም ወደ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

መዘግየቱ የታወቀ ነው። በ2024 በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች የተከማቸው ጉዳይ ከሦስት ሚሊዮን በላይ፣ በጥገኝነት ቢሮዎቹም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር። ሕጉ ማመልከቻው ከገባ 180 ቀን ሳይሞላ ወርክ ፐርሚት እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ በአመልካቹ ምክንያት የተጓተተው ቀን አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ ግን ሥራ እየሠሩ ዓመታት መጠበቅ ስለሚቻል፣ መንግሥት ለወርክ ፐርሚት ብቻ የሚያመለክት ሰው በዛ ይላል። ይህን ለማስቆም በ2018፣ በመጨረሻ የገባውን ማመልከቻ መጀመሪያ የመጥራት አሠራር ተመለሰ። የአዲሶቹ ጉዳይ በፍጥነት መታየት ጀመረ፤ በ2015 ወይም በ2016 ያመለከቱት ደግሞ ከሥር ቀሩ። እነዚህ ሰዎች ማስረጃቸው እያረጀ፣ ምስክሮቻቸው እየተበተኑ፣ ሚስትና ልጆቻቸው አገር ቤት ሆነው ጠብቀዋል፤ ቤተሰብ ማስመጣት የሚቻለው ጥገኝነቱ ከጸደቀ በኋላ ብቻ ነውና።

ጥገኝነት ያገኘ ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ለግሪን ካርድ ያመለክታል። ግሪን ካርድ ከያዙ አምስት ዓመት፣ ከዜጋ ጋር በትዳር ለሚኖር ደግሞ ሦስት ዓመት ሲሞላ ለዜግነት ማመልከት ይቻላል። ከአምስቱ ዓመት ቢያንስ ግማሹ አሜሪካ ውስጥ የተኖረ መሆን አለበት፤ አገር ቤት ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ሰዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ፈተናው ከሚፈራው ይቀላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ማንበብ፣ አንድ መጻፍ፣ ስለ አገሪቱ ታሪክና መንግሥት የቃል ጥያቄ መመለስ ነው። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ያመለከተ ሰው ከ128 ጥያቄዎች 20 ይጠየቃል፤ 12 ከመለሰ ያልፋል። ዕድሜው 50 ሆኖ 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ነፃ ነው፤ ታሪኩን በአማርኛ በአስተርጓሚ ይመልሳል። ለብዙ እናቶችና አባቶች የሚከብደው ፈተናው ሳይሆን ቅጹ ነው። ኦፊሰሩ መስመር በመስመር እየሄደ «በሕይወትህ መቼም ቢሆን» የሚሉትን ጥያቄዎች ይጠይቃል፦ ታስረህ ታውቃለህ? የፖለቲካ ድርጅት አባል ነበርክ? ሰው አሰቃይተሃል? መልሱ ከጥገኝነቱ ቅጽ ጋር ይተያያል።

ካለፈ በኋላም ለመሐላው ሲጠራ ከቃለ መጠይቁ ወዲህ ስላለው ጊዜ የሚጠይቅ ሌላ ወረቀት ይሞላል፤ ግሪን ካርዱን ያስረክባል፤ ከማለ በኋላ የዜግነት ምስክር ወረቀቱን ይቀበላል። በኢትዮጵያ በኩል፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘን ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንዳጣ ይቆጥረዋል። «ቢጫ ካርድ» የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለ ቪዛ መግባትንና መሥራትን ይፈቅዳል፤ መምረጥን ግን አይፈቅድም።

ዜግነትም ቢሆን ፋይሉን አይዘጋውም። እውነትን በመደበቅ የተገኘ ዜግነት በፌዴራል ፍርድ ቤት ሊሻር ይችላል፤ ለዚህም የፍትሐ ብሔር ክስ የይርጋ ጊዜ የለውም። በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ከልበሳ ነገዎ አሜሪካ ገብቶ አትላንታ በሚገኝ ሆቴል ይሠራ ነበር። እርሱ ባለበት የተሰቃየች ሴት እዚያው ሆቴል ውስጥ አይታ ለየችው። ሦስት ሴቶች ከሰሱት፤ በ1993 የፌዴራል ፍርድ ቤት በድምሩ 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረደበት። ይህ ፍርድ ግን የዜግነት ማመልከቻውን አላስቆመውም፤ በ1995 ዜጋ ሆነ። ዜግነቱን ያጣው በ2004 ነው። በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ፤ እዚያም በሌለበት የተፈረደበት የዕድሜ ልክ እስራት ይጠብቀው ነበር።