የቪዲዮ ስብሰባ

የቪዲዮ ስብሰባ ወይም ቪዲዮ ኮንፈረንስ በተለያየ ቦታ ያሉ ሰዎች በምስልና በድምፅ ተገናኝተው በአንድ ጊዜ የሚያካሂዱት ስብሰባ ነው። ለሥራ ስብሰባ የሚጠይቀውን ጉዞ ያስቀራል፤ ነገር ግን ሰዎች የሚነጋገሩበትን ሁኔታም ይለውጣል። ስለዚህ ጠቃሚነቱ በስብሰባው ዓላማና በግንኙነት መስመሩ ጥራት ላይ የተመሠረተ ነው።

ታሪክ

የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ «ፒክቸርፎን» የተባለውን ምስል የሚያሳይ ስልክ እ.ኤ.አ. በ1964 በኒው ዮርክ የዓለም ትርዒት ላይ ለሕዝብ አሳየ። በ1970 በፒትስበርግ ከተማ አገልግሎቱን መሸጥ ቢጀምርም፣ ዋጋው ውድ ስለነበረ ያገኘው ደንበኛ ጥቂት ነበር። ኢንተርኔት ከተስፋፋ በኋላ እንደ ስካይፕ (2003) እና ዙም (2011) ያሉ አገልግሎቶች ተመሠረቱ። በኢትዮጵያም ወረዳ ኔት የተባለው የመንግሥት የመገናኛ መረብ ከአገልግሎቶቹ አንዱ የፌዴራል፣ የክልልና የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን በቪዲዮ ማገናኘት ነው።

በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ጊዜ አጠቃቀሙ በፍጥነት ጨመረ። የቡድን 20 አገሮች መሪዎች እንኳ መጋቢት 17 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2020) በቪዲዮ ተሰብስበዋል።

አሠራር

ካሜራና ማይክሮፎን የቀረጹትን ምስልና ድምፅ ኮምፒውተሩ ወይም ስልኩ መጠኑን አሳንሶ በኢንተርኔት ይልካል፤ ተቀባዩ መሣሪያ መልሶ ይዘረጋዋል። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚጠቀም ምስል በአንድ ሰዓት 450 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል።

ለውይይት ዋናው ችግር መዘግየት ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለጥሩ ንግግር የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሴኮንድ ባይበልጥ ይመክራል። ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኝ ሳተላይት የሚተላለፍ ድምፅ ግን ወጥቶ ለመውረድ ብቻ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ተናጋሪዎች ሳያስቡት የሰው ንግግር ያቋርጣሉ፣ ወይም ሁለቱም እኩል ጀምረው እኩል ዝም ይላሉ።

ጥቅሞች

የቪዲዮ ስብሰባ የትራንስፖርት፣ የሆቴልና የውሎ አበል ወጪን ይቀንሳል። ሕፃን የሚያሳድጉ፣ የአካል ጉዳት ያለባቸው ወይም ከማዕከል ርቀው የሚሠሩ ሰዎች ከቦታቸው ሳይነሡ እንዲሳተፉ ያስችላል። ሰነድን በስክሪን ማሳየትና ውይይቱን መቅዳትም ቀላል ነው።

መገናኘት በማይቻልበት ጊዜ ደግሞ ሥራው እንዳይቆም ያደርጋል። ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ ጉዞ በተገደበበት እ.ኤ.አ. በጁን 2020 የታላቁን የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ድርድር በቪዲዮ ቀጥለዋል። በኤፕሪል 2021 በኪንሻሳ ፊት ለፊት ቢገናኙም ከስምምነት አልደረሱም። ይህም ቪዲዮ ተደራዳሪዎችን ሊያገናኝ ቢችልም፣ የመስማማት ችግር ሁሉ ከመገናኛው ዘዴ እንደማይመጣ ያሳያል።

ጉዳቶች

ድካም፦ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጽሑፍ አራት ምክንያቶችን አቅርበዋል። እነሱም ከመጠን በላይ ቀርቦ ዓይን ለዓይን መተያየት፣ የራስን መልክ ያለማቋረጥ ማየት፣ ከቦታ አለመንቀሳቀስ፣ እንዲሁም የሰውን ስሜት ከምስል ለመረዳት የሚደረግ ተጨማሪ ጥረት ናቸው።

የሐሳብ መጥበብ፦ ሜላኒ ብሩክስና ጆናታን ሌቫቭ በ2022 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት 602 ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ፈትኗል። በቪዲዮ የሠሩት በአንድ ክፍል ከተቀመጡት ያነሰ አዲስ ሐሳብ አመነጩ፤ ከቀረቡት ሐሳቦች ጥሩውን በመምረጥ ግን አላነሱም።

የሰዓት ልዩነት፦ በአዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀመር ስብሰባ በቤጂንግ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይውላል። የኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር በ6 ሰዓት ስለሚለይ፣ የጥሪ ወረቀቱ የትኛውን አቆጣጠር እንደሚከተል ካልገለጸ ተሰብሳቢ ሊያመልጠው ይችላል።

ምስጢር፦ የመግቢያው ሊንክ በይፋ ከተለጠፈ ያልተጠራ ሰው ሊገባ ይችላል። የይለፍ ቃልና ተሰብሳቢን እያዩ ማስገባት ይህን ይቀንሳሉ።

እኩል አለመሆን፦ መስመሩ ደካማ የሆነ ወይም መብራት የጠፋበት ሰው ከውይይቱ ይወጣል። ገሚሱ በአዳራሽ፣ ገሚሱ በቪዲዮ ሲሳተፍ ደግሞ የአዳራሹ ሰዎች ብዙ ጊዜ ንግግሩን ይይዙታል፤ በሻይ ዕረፍት የሚነጋገሩትንም ሌሎቹ አይሰሙም።

አመራረጥ

ለሪፖርት፣ ለክትትልና ከታወቁ አማራጮች አንዱን ለመወሰን የቪዲዮ ስብሰባ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለመጀመሪያ ትውውቅ፣ አዲስ ሐሳብ ለማፍለቅና ለከባድ አለመግባባት በአካል መገናኘት ይመረጣል። ውሳኔ በቪዲዮ በሚሰጥበት ጊዜ ሰብሳቢው እያንዳንዱን ተሰብሳቢ በስሙ እየጠራ መጠየቅ ይኖርበታል። በአዳራሽ ዝም ያለ ሰው ሲሰማ ይታያል፤ በስክሪን ላይ ዝም ያለው ግን ተስማምቶ ይሁን መስመሩ ተቋርጦበት ሳይጠየቅ አይታወቅም።