የ1324 ዓመት፦ ተረትና እውነታ

መካከለኛው ዘመን ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታየን ጨለማ ነው፤ አገሮቹም እርስ በርስ የማይተዋወቁ ይመስሉናል። እስቲ አንዷን ዓመት ነጥለን እንያት። እ.ኤ.አ. 1324 በእኛ አቆጣጠር 1316ን እና 1317ን ትነካለች፤ በሂጅራ ደግሞ ከ724 ጋር ትገጥማለች ማለት ይቻላል። በዚያች ዓመት ዙሪያ የሚነገሩ አራት ተረቶችን ከእውነታው ጋር እናስተያይ።

ተረት 1፦ ማንሳ ሙሳ በወርቃቸው ብዛት የግብፅን ኢኮኖሚ አወደሙ።

እውነታ፦ የማሊው ንጉሥ በ1324 ክረምት ለሐጅ ሲጓዙ ካይሮ መግባታቸውና ወርቅ መበተናቸው እርግጥ ነው። ከ12 ዓመት ያህል በኋላ ካይሮ ውስጥ ወሬውን ያሰባሰበው ጸሐፊ አል-ዑመሪ ዋጋውን ጽፎልናል፦ ቀድሞ ከ25 ድርሃም (የብር ገንዘብ) የማይወርደው አንድ ምስቃል (የክብደት መለኪያ) ወርቅ ወደ 22 ድርሃምና ከዚያም በታች ወረደ። ቅናሹ ከመቶ 12 ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ነው። ወርቅ ረከሰ፤ ግብፅ ግን አልፈረሰችም። እንዲያውም ንጉሡ በመልስ ጉዟቸው ገንዘብ አጥሯቸው ከግብፅ ነጋዴዎች ተበድረዋል። ዛሬ ሀብታቸው በቢሊዮን ዶላር ሲጠራ እንሰማለን፤ የግምጃ ቤታቸው መዝገብ ስለሌለ ያ ሁሉ ግምት ነው።

ተረት 2፦ ፓስታን ከቻይና ወደ ጣሊያን ያመጣው ማርኮ ፖሎ ነው።

እውነታ፦ ማርኮ ፖሎ በጃንዋሪ 1324 ቬኒስ ውስጥ ተናዘዘ፤ በዚያው ሰሞንም አረፈ። የተወለደው በ1254 ነው። አል-ኢድሪሲ ግን ከዚያ 100 ዓመት ቀድሞ፣ በ1154 በጨረሰው የጂኦግራፊ መጽሐፉ፣ በሲሲሊ ደሴት ፓሌርሞ አጠገብ ባለችው ትራቢያ ከዱቄት የሚሠራ ፓስታ በብዛት እየተመረተ በመርከብ ወደ ሌሎች አገሮች እንደሚጫን መዝግቧል።

ተረት 3፦ መካከለኛው ዘመን ጠንቋይ ናችሁ የተባሉ ሴቶች በገፍ የሚቃጠሉበት ጊዜ ነበር።

እውነታ፦ በ1324 አየርላንድ ውስጥ፣ በኪልኬኒ ከተማ፣ ኤሊስ ካይትለር የምትባል ባለጸጋ በጥንቆላ ተከሰሰች። አራት ባል ያገባች ናት፤ ከከሳሾቿም መካከል የእንጀራ ልጆቿ ነበሩ፤ ከክሱ ጀርባ የውርስ ጠብ አለ። እመቤቲቱ አመለጠች፤ አገልጋይዋ ፔትሮኒላ ግን ተገርፋ ኖቬምበር 3 ቀን ተቃጠለች። ግፉ እውነት ነው። በዚያን ጊዜ ግን እንዲህ ያለው ፍርድ ብርቅ ነበር፤ ሴቶች በብዛት ያለቁበት የአውሮፓ የጠንቋይ አደን የበረታው ከ1560 በኋላ፣ ማተሚያ ቤት ከተስፋፋ ወዲህ ነው።

ተረት 4፦ ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን ከዓለም ተነጥላ ተኝታ ነበር።

እውነታ፦ በ1324 ዙፋኑ ላይ የነበሩት ዐፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344) ናቸው። ማንሳ ሙሳን ለተቀበሉት ለግብፁ ሱልጣን አን-ናስር ሙሐመድ መልእክተኞች ልከው ስለ ግብፅ ክርስቲያኖች ተሟግተዋል። የኢትዮጵያ ጳጳስ ከግብፅ ይመጣ ነበር፤ የኢፋት ነጋዴዎች በዘይላ ወደብ ይገበያዩ ነበር። የማንሳ ሙሳን ወርቅ የመዘገበው አል-ዑመሪ ራሱ ስለ ኢትዮጵያ ንጉሥና ስለ ኢፋትና ሌሎች የሙስሊም ግዛቶች ጽፏል፤ ከነገሩት ሰዎች አንዱም ካይሮ የነበሩት ሼክ ዐብደላ አዝ-ዘይላዒ ናቸው።

አራቱን ተረቶች ያስተካከለልን በጊዜው ወይም በቅርብ የተጻፈ ቃል ነው፦ የምስቃል ዋጋ፣ ከትራቢያ የሚጫን ፓስታ፣ የኪልኬኒ ክስ፣ የዘይላው ሼክ ምስክርነት። ስለ ጥንቱ ዘመን የሚያስደንቅ ወሬ ስትሰሙም ሆነ ለልጆቻችሁ ስትነግሩ፣ አስቀድማችሁ ማን ጻፈው፣ መቼስ ጻፈው ብላችሁ ጠይቁ።